ፊት የማያየው ዳኛ

ፍርዱ በተነገረ ማግስት በሐመልታ ምድር የምንጭ ውሃ ሁሉ ጨው ጨው አለ።

አስቀድመው የቀመሱት ማለዳ ወደ ምንጭ የወረዱት ውሃ ቀጂዎች ነበሩ። ቀመሱ፤ እርስ በርስ ተያዩ፤ እንስራቸውን ሞልተው ዝም ብለው ወጡ። ከእነርሱ በኋላ ወታደሩ ቀመሰ፤ ገበያተኛው ቀመሰ፤ መኳንንቱም ቀመሱ። በመናገሻይቱ በአምባ ሰሬ የሚኖር ሰው ሁሉ ያን ውሃ ሲጠጣ ዋለ። «ውሃው ጨው ሆነ» ብሎ አፉን የከፈተ ግን አንድም አልተገኘም። የጥንቱን ቃል የማያውቅ አልነበረምና፦ «ሕግ በዳኛ አፍ የተሰበረ ዕለት ምድር የሐፍረቷን ላብ ታጠጣችኋለች።» ጨው ቀመስኩ ያለ ሕግ ተሰበረ ማለቱ ነው። ሕግ ተሰበረ ያለ ደግሞ እጁን የፊጥኝ ታስሮ ወደ ጨው ሜዳ ሲነዳ ገና ትናንት ታይቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሐመልታ የመጨረሻው ንጉሥ ዘር ሳይተካ ካለፈ ወዲህ አገሪቱን የሚያስተዳድር እንደራሴ በአገር ሸንጎ ይመረጥ ነበር። ሕጉ «እንደራሴ አሥራ ሁለት ዓመት ይግዛ፤ ከዚያ በኋላ በትረ መንግሥቱን ለሸንጎው ይመልስ» ይላል። እንደራሴ ዛጎን ዘመኑን ጨረሰ፤ በትሩን ግን አልመልስም አለ። ሸንጎው ከሰሰው። ጉዳዩ የቀረበላቸው ሦስቱ ታላላቅ ዳኞች ሁሉም የዛጎን ወገን፣ ብጫ መቀነት የሚታጠቁ ነበሩ። ሰብሳቢያቸው አፈ ሕግ መርሳዊ ጥቁር ካባውን ደርቦ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲህ ሲል ፈረደ፦

«ዓመት ማለት ምድር ዘር ተቀብላ አዝመራ የምትሰጥበት ዘመን ነው። ዝናብ ያልጣለበት፣ ነዶ ያልታሰረበት ዘመን በሕግ ፊት ዓመት ተብሎ አይቈጠርም። በእንደራሴው ዘመን አምስት ጊዜ ድርቅ ሆኗል። ስለዚህ ዘመናቸው ገና አልሞላም።»

የሸንጎው ነገረ ፈጅ ኦላን የሚባል ቀጭን ሰው ነበር። ተነሥቶ እጅ ነሣና «አፈ ሕግ ሆይ፣ በድርቅ ዘመን የተወለደች ልጅ አለችኝ። ዕድሜዬ ስንት ነው ብላ ብትጠይቀኝ ምን ልበላት?» አለ። ችሎቱን የሞላው ሕዝብ ሳቀ። ስለዚያ ሳቅ ኦላን ችሎት ደፍሯል ተባለና ዕድሜ ልኩን በጨው ሜዳ ጨው እንዲቈርጥ ተፈረደበት።

ሕዝቡ ሲስቅ ያልሳቀች አንዲት ልጃገረድ ነበረች። የአፈ ሕጉ አንድያ ልጅ፣ ሐራዊት። ፊቷ እሳት እንደ ነካው ጋለ፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። አባቷ ከወንበሩ ላይ የተናገረው ቃል የራሷ ቃል ነበርና።

ሐራዊት ሕጉን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ የያዘች፣ ከእኩዮቿ መካከል አቻ ያልተገኘላት የሕግ ተማሪ ነበረች። አባቷ ወንበሬን ትወርሳለች እያለ ይመካባት ነበር። ከፍርዱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ሁለቱ ዳኞች እቤታቸው ተጋብዘው ሳለ፣ መርሳዊ እንደ ዋዛ «እስቲ ልጄ፣ ዓመት ምንድን ነው?» አላት። እርሷም በእንግዶች ፊት የአእምሮዋን ስለት ለማሳየት «አዝመራ ያላየ ዘመን ዓመት ይባላልን? ያልወለደችስ እናት ትባላለችን?» ብላ መለሰች። እንግዶቹ ሳቁ። አንደኛው ዳኛ ጉርሻውን ዋጥ አድርጎ «እስቲ ድገሚልን» አላት። ደገመችላቸው፤ ሁለተኛውን ከፊተኛው አሳምራ፣ እንደ ቅኔ ቤት እያስመታች። ያን ሌሊት በደስታ ተኝታ ነበር።

አሁን በዋንጫ የምንጭ ውሃ ቀድታ አባቷ ወዳለበት እልፍኝ ገባች።

«አባባ፣ ውሃውን ቀምሰውታል?» አለችው።

መርሳዊ ዋንጫውን ተቀብሎ ጠጣ። ሲውጥ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አየችው። ዋንጫውን አስቀመጠና «ደኅና ውሃ ነው» አላት።

ብትቈጣ በወደደች ነበር። የመጣባት ግን ቁጣ አልነበረም። ሰው በአደባባይ ልብሱ ሲወልቅበት አይቶ ፊቱን እንደሚያዞር ሰው ፊቷን አዞረች።

«እኔ እኮ ስጫወት ነበር» አለች ወደ ግድግዳው እያየች።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

መርሳዊ ዋንጫውን ወደ ጎን ገፋ። «ልጄ፣ ዛጎን ቢወርድ እነዚያ ባላንጣዎቻችን፣ ባለ አረንጓዴ መቀነቶቹ፣ ይነግሣሉ። እነርሱ ከመጡ ነገ ሕግ የሚባል ነገር አይኖርም። እኔ ዛሬ ሕጉን ጥቂት አጎበጥኩት፤ እንዳይሰበር ነው ያጎበጥኩት። ይህን አንቺ ካልተረዳሽ ማን ይረዳኛል?»

ሐራዊት ከእልፍኙ ወጥታ በጓሮው አጥር ሥር ተቀመጠች፤ በልጅነቷ የተማረችው፣ ማንም የማይጠቅሰው የሕጉ ኋለኛ ክፍል ወደ አፏ መጣ፦ «ዳኛ ሕግን ቢሰብር የዳኛው ዳኛ ሰማዒ ይሆናል። ሰማዒን የሚጠራ ግን ከዳኛው ማዕድ የበላ ይሁን፤ ጠላትን መክሰስ ቀላል ነውና። የተበደለውም ወይም የተበደለው ወገን አብሮት ይቁም።»

ሰማዒ ከጨው ሜዳው ማዶ የሚኖር ነጭ አውራሪስ ነው። የሐመልታ ሕግ ሲደነገግ ምስክር ሆኖ ቆሟል ይባላል። ዓይነ ስውር ሆኖ ተፈጥሯልና ፊት አይቶ አያዳላም። በሰባት ትውልድ ማንም አልጠራውም፤ ብዙዎች ተረት ነው ይሉ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ሐራዊት ወደ ኦላን ቤት ሄደች። በሩ ተዘግቷል። ከደጁ ድንጋይ ላይ ጦሩን መሬት አስተኝቶ አንድ ሽማግሌ ወታደር ተቀምጦ ነበር። ስሙ ዳሞ ይባላል፤ ኦላንን ወደ ጨው ሜዳ የነዳው እርሱ ነው።

«ከማለዳ ጀምሬ እዚህ ነኝ» አላት ሳያያት። «ታዝዤ ነው ብዬ ለሚስቱ ልነግራት መጣሁ። እዚህ ስደርስ ግን ቃሉ አፌ ላይ አልዞር አለኝ።»

በሩ ተከፈተ። የኦላን ሚስት መርጌት ወገቧን በሻሽ ጠፍራ ብቅ አለች፤ ሁለቱን በየተራ አየቻቸው።

«የዳኛው ልጅና የዳኛው ወታደር» አለች። «ሐፍረታችሁን የምታራግፉበት ቦታ አጥታችሁ ነው ደጄ የመጣችሁት?»

ሐራዊት ከመሬት ወድቃ ጉልበቷን ሳመቻት። «እትዬ መርጌት፣ ይቅርታ ልለምንዎት አልመጣሁም። ሰማዒን ልጠራ ነው። ያለ እርስዎ ልጠራው አልችልም። አባቴን እከሳለሁ፤ እርስዎ አጠገቤ ይቁሙ።»

አባቷ የፈረደበት ቃል ከእርሷ እንደ ወጣ ግን አልነገረቻትም። ልትነግራት አስባ ነበር፤ ምላሷ ታሰረ። መርጌት ረዥም ጊዜ ትኵር ብላ አየቻት።

«አባትሽን ነው የምትከሺው?»

«አዎ።»

«ስትመለሺ የት ታድሪያለሽ?»

«አላውቅም።»

መርጌት ልጇን ለእህቷ ሰጥታ ስንቅ ቋጠረች። ዳሞም ጦሩን አነሣ። «መንገዱን እኔ አውቃለሁ» አለ። «ሰው እየነዳሁ የሄድኩበት ነው።»

ከአምባ ሰሬ ወደ ጨው ሜዳ የሚያወርደው መንገድ የጉርዛን ወንዝ በድልድይ ተሻግሮ፣ ከዚያ ወዲያ ውሃ የሌለበትን የአስመሳዮችን ገደል አቋርጦ ያልፋል። አስመሳይ አካሉ ጉም የሆነ ፍጥረት ነው፤ ሰውን አይነክስም፣ አይቧጭርም። ሰው የሚያፍርበትን ድምፅ ከልቡ አውጥቶ ያሰማዋል። የሰማው ሰው ድምፁን ሊሸሽ ወይም ሊከተል ከመንገድ ይወጣል፤ ከመንገድ የወጣ ደግሞ ገደል ነው።

ቀትር ላይ ጉሙ ዋጣቸው። ሦስቱም በመርጌት ሻሽ ወገብ ለወገብ ተያያዙ። በመጀመሪያ ዳሞ ቆመ፤ ጆሮውን በሁለት እጁ ደፈነ። «ኦላን ውሃ ስጠኝ ይለኛል» አለ። «በመንገድ ላይ ለምኖኝ ነበር። አለቃዬ ያየኝ ነበርና አልሰጠሁትም።» ሐራዊት ደግሞ የሰማችው ስድብ አልነበረም። የአባቷን ድምፅ ነበር፤ ሞቅ ያለውን፣ በግብር ላይ የሚሰማውን፦ «ጎበዝ ልጄ። እስቲ ድገሚልን።» ወደ ድምፁ አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ጠጠሩ ከእግሯ ሥር ተንዶ ወደ ታች ሲወርድ ሰማችው። ወገቧ ላይ ያለው ሻሽ ወጥሮ ያዛት።

ወጥራ የያዘቻት መርጌት ነበረች። «እኔም እሰማለሁ» አለች፣ ድምፅዋ ሳይለወጥ። «ያን ቀን ጠዋት፣ ችሎት ሲሄድ፣ ዝም በል ብዬው ነበር። ልጅ አለችን፣ ዝም ብለህ ተመለስ አልኩት። የራሴን ድምፅ ነው የምሰማው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሰማው ነው የከረምኩት፤ ጉሙ አዲስ ነገር አይነግረኝም። ተከተሉኝ።» እርሷ ፊት ቀደመች፤ እነርሱም ሻሹን ይዘው ተከተሏት።

ጨው ሜዳው ነጭ ነው፤ ሰማዩም ነጭ ነው፤ በመካከሉ ያሉት ሰዎች ብቻ ጠቋቁረው ይታያሉ። ጨው ቈራጮቹ በመጥረቢያ መሬቱን ይፈልጣሉ፤ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ከንፈራቸው ተሰንጥቋል። ዳሞ ከመካከላቸው አንድ የሚያውቀውን ጠርቶ ስለ ኦላን ጠየቀው። ሰውየው መጀመሪያ መርጌትን አየ፤ ከዚያ መጥረቢያውን አስቀመጠ።

«ሲመጣም ደክሞ ነበር» አለ። «ሦስተኛውን ቀን አላለፈም። ውሃ የሌለው መንገድ ነው የገደለው።»

ዳሞ ካለበት ቁጭ አለ። መርጌት አላለቀሰችም። «የት ነው?» አለች። ሰውየው የጨው ጡብ የተከመረበትን ቦታ በጣቱ አሳያት። ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች፤ እጇን ጨው ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ሐራዊት ከሩቅ ቆማ ስታያት ወደ እርሷ ለመሄድም፣ ርቃ ለመቆምም እኩል አፈረች።

ሰማዒን ያገኙት ከጨው ሜዳው ማዶ፣ ውሃ በሌለበት ወንዝ ዳር ነው። መጀመሪያ ኮረብታ መስሏቸው ነበር። ኮረብታው ተነፈሰ፤ ቁመቱ ጎጆ የሚያህል፣ ቆዳው እንደ ጨው ጡብ የተሰነጣጠቀ፣ ቀንዱ ከሰው ቁመት የሚረዝም አውራሪስ ሆኖ ተነሣ። በዓይኑ ቦታ ለስላሳ ቆዳ ብቻ ነበር። ሲናገር ምድሪቱ ከሥራቸው ነዘረች።

«ሰባት ትውልድ ዝም ብላችሁኝ ኖራችሁ። ሕግ ሳይሰበር ቀርቶ አይደለም፤ ከዳኛ ማዕድ የበላ ሁሉ ጠግቦ ነው። ከዳኛ ማዕድ በልታ ዳኛ የምትከስ ይህች ማን ናት?»

«የአፈ ሕግ መርሳዊ ልጅ ሐራዊት ነኝ።»

«ፊትሽን አላይም። የማን ወገን እንደ ሆንሽ በመቀነትሽ አላውቅም። እጅሽን ቀንዴ ላይ አድርጊና ተናገሪ። ቀንዴን የያዘ ሰው ሐሰት ሊናገር አይችልም።»

ሐራዊት እጇን ቀንዱ ላይ አሳረፈች፤ ቀንዱ ይሞቃል። ሕጉን ተናገረች፤ ፍርዱን ተናገረች፤ መርጌት ደግሞ የባሏን ሞት ተናገረች። ሰማዒ ሁሉን አዳመጠ። ከዚያ «ከዚያ ማዕድ አንቺ ምን በላሽ?» አለ።

ዝም ልትል ሞከረች። አፏ ግን አልታዘዛትም።

«ምስጋና በላሁ» አለች። «ዳኞቹ በእኔ ቃል ሲስቁ ጠገብኩ። ዓመት ዓመት አይደለም የሚለውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ድገሚልን ሲሉኝ አሳምሬ ደገምኩት። አባቴ ከእኔ ወስዶ ነው የፈረደው።»

መርጌት ቀስ ብላ ጎንበስ አለችና የጨው ድንጋይ አነሣች። ዳሞ እጁን ሊዘረጋ ብሎ ተወው። ሐራዊት አልሸሸችም፤ እጇንም ከቀንዱ አላነሣችም።

«ይህን መንገድ ሁሉ አብረሽኝ ስትሄጂ ታውቂው ነበር?» አለች መርጌት።

«አውቀው ነበር። ልነግርዎት ፈራሁ። አፈርኩ።»

ድንጋዩ በመርጌት እጅ ውስጥ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ጣለችው። «እስከ ከተማው አብረን እንሄዳለን» አለች። «ክሱ ያስፈልገኛል። ከዚያ ወዲያ ግን ፊትሽን አላይም።»

ሰማዒ ዓይነ ስውር ነውና የሚሄደው ከሳሹ ቀንዱን ይዞ ሲመራው ነው። ስለዚህ ሐራዊት በመንገዱ ሁሉ እጇ ከቀንዱ አልተላቀቀም፤ መርጌትም ያሻትን ጠየቀቻት።

«ስትናገሪው ደስ ብሎሽ ነበር?»

«በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ባለቤቴ ሲፈረድበት ተነሥተሽ ለምን አልተናገርሽም?»

«ቃሉ የእኔ መሆኑን ሰው ያውቅብኛል ብዬ ነው።»

«ስለ እርሱ አላሰብሽም?»

«በዚያች ደቂቃ አላሰብኩም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን መልስ ባሳመረው ነበር። ለእርሷ ማሳመር ተከልክሏታል። እያንዳንዱ መልስ ከአፏ ሲወጣ እንደ ልብስ እየወለቀባት ሄደ፤ ከጉርዛ ወንዝ ሲደርሱ ግን መርጌት የምትጠይቀው አልቆባት ነበር።

በጉርዛ ድልድይ ላይ ሳሉ ከኋላቸው አቧራ ተነሣ። የክሱን ወሬ የሰሙ የዛጎን ፈረሰኞች በሌላ መንገድ ወደ ጨው ሜዳ ደርሰው፣ አጥተዋቸው ዱካቸውን ተከትለው የመጡ ነበሩ። ድልድዩ ጠባብ ነው፤ ሰማዒን በጭንቅ አሳለፈ፤ ፈረስም ቢሆን ከሁለት በላይ ጎን ለጎን አያሳልፍም። ዳሞ ሐራዊትን ወደ ፊት ገፋ አደረጋትና ዞሮ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይምጡ እንጂ» አለችው።

«ሂጂ ልጄ። ኦላንን በዚህ ድልድይ ላይ ነዳሁት። ውሃው ከሥራችን እየሄደ ነው የከለከልኩት።» ወደ መርጌት ዞረ፤ ያን ቀን ደጇ ላይ ያቃተውን ቃል አሁንም ፈለገው። «እመቤቴ» አለ፤ ከዚህ በላይ አልወጣለትም።

መርጌት ቅሏን ከትከሻዋ አውርዳ የቀረውን ውሃ ሰጠችው። ዳሞ ጠጣ። ከዚያም ጦሩን ጨበጠ። ከድልድዩ ማዶ ብዙ ርቀው እስኪሄዱ ድረስ የብረት ድምፅ ሰሙ፤ ኮረብታውን ሲወጡ ድምፁ ተቋረጠ። ፈረሰኞቹ ግን በኋላቸው አልመጡም። ድልድዩ ላይ የተከመረውን ሬሳ ለማንሳት ከሰዓት በኋላው በሙሉ እንደ ፈጀባቸው ኋላ ተሰማ።

የአምባ ሰሬ በር ላይ የዛጎን ቀስተኞች ተሰልፈው ጠበቋቸው። ፍላጻ እንደ በረዶ ወረደ፤ ሰማዒ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሁለቱን ሴቶች ከአገጩ ሥር ሸሸጋቸው፤ ጀርባው በፍላጻ ተሸፈነ፤ ነጩ ቆዳው በደም ተዥጎረጎረ። ከተማው ከግንቡ ላይና ከበሩ ፊት ሆኖ ያያል፤ ዝም ብሏል። ሐራዊት እጇን ከቀንዱ ሳታነሣ ወደ ሕዝቡ ጮኸች፦

«የሐመልታ ሰዎች፣ ውሃው ምን ምን ይላል? እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቀምሼ ዝም አልኩ። እናንተስ?»

ብዙዎች ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። በመጨረሻ አንዲት እንስራ ያዘለች ሴት ከሕዝቡ መካከል ወጥታ በቀስተኞቹና በአውራሪሱ መካከል ቆመች። «ጨው ጨው ይላል» አለች በደከመ ድምፅ። ሌላይቱ ተከተለቻት። ከዚያ አንጥረኛው፣ ከዚያ ሸማኔው፣ ከዚያ ጎረቤቶቻቸው ተከተሉ፤ እያንዳንዱ እየመጣ ሲቆም ቃሉን እንደ ኑዛዜ ይናገራል፦ «ጨው ነው፤ ዝም ብዬ ነበር።» ቀስተኞቹ በራሳቸው እናቶች ላይ ቀስት መገተር አልሆነላቸውም። በሩ ተከፈተ።

ችሎቱ በአደባባይ ተቀመጠ። ሦስቱ ዳኞች በተራ እጃቸውን ቀንዱ ላይ አደረጉ። የመጀመሪያው «ልጄን ለዛጎን ልጅ ድሬያለሁ፤ ልጄ እንዳትፈታ ብዬ ፈረድኩ» አለ። ሁለተኛው «ሌሎቹ የፈረዱትን ፈረድኩ፤ ነገሩን አልመረመርኩም» አለ። መርሳዊ መጨረሻ ቀረበ። ካባውን አስተካክሎ እጁን አሳረፈ።

ጠያቂዋ መርጌት ነበረች። «ሕጉን የሰበርክበትን ቃል ከማን አገኘኸው?»

መርሳዊ ልጁን አየ። ከጉዞው የተነሣ ፊቷ ተቃጥሏል፤ ከንፈሯ ተሰንጥቋል። ዓይኗን አላነሣችም። ሕዝቡ ይህን መልስ ሰምቶ የእርሷንም ስም አብሮ እንደሚቀብረው ሁለቱም ያውቁ ነበር።

«ከልጄ ሰማሁት» አለ መርሳዊ፤ ሕዝቡ አጉረመረመ። «እርሷ ስትናገረው ጨዋታ ነበር። እኔ ከወንበር ላይ ስናገረው ግን ዓመት ምን እንደ ሆነ አውቅ ነበር። ኦላን ሲጠይቀኝም መልሱን አውቀው ነበር። የጨው ውሃ ጠጥቼ ደኅና ነው ያልኳት እኔ ነኝ። ቃሉ የልጅ ነው፤ ፍርዱ የእኔ ነው።» እጁን ከቀንዱ ላይ ለማንሣት አልቸኮለም። ምናልባትም ከብዙ ዘመን በኋላ እውነት መናገር እፎይታ ሆኖለት ይሆናል።

ሰማዒም ፈረደ፦ «የዓመቱ ፍርድ ፈርሷል። ዳኞቹ በሌላው ላይ የፈረዱትን ፍርድ ራሳቸው ይቀበሉት። ሕግ የሰበረ ዳኛ እርሱም ቤቱም ለዘላለም ከችሎት ወንበር ይራቁ። ይህን እኔ አላወጣሁትም፤ የራሳችሁ ሕግ ነው።»

ዛጎን ወደ ወታደሮቹ ዞረ፤ ወታደሮቹ ወደ መሬት አዩ። በትረ መንግሥቱን ከሸንጎው እግር ሥር አስቀምጦ በጓሮ በር ወጣ። ሰማዒ ደግሞ ፍላጻዎቹን በጀርባው ተሸክሞ፣ ማንም ሳይመራው፣ ወደ መጣበት ተመለሰ። ደሙን ተከትለው የሄዱ ሰዎች ከአስመሳዮች ገደል ጫፍ ላይ ዱካውን አጡት። ያን ምሽት የምንጮቹ ውሃ ጣፈጠ።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ ሸንጎው አዲስ አፈ ሕግ ሊመርጥ ተቀመጠ። ከተማው በሙሉ አንድ ስም ይጠራ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሐራዊትን አስጠርተው በመካከላቸው አቆሟት፤ የሸንጎው አባት፣ ነጭ ጢም ያለው ደግ ሰው፣ ፈገግ ብሎ ተናገረ።

«ልጃችን፣ ሕጉን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ካንቺ በላይ የከፈለለትም የለም። እርግጥ ሕጉ የዳኛው ቤት ከወንበር ይራቅ ይላል። እኛ ግን መክረንበታል። ቤት ማለት አንድ ጣሪያ ማለት ነው። አንቺ አባትሽን ለመክሰስ ከጣሪያው ሥር የወጣሽ ዕለት ከቤቱ ወጥተሻል። ስለዚህ ክልከላው አንቺን አይነካሽም።»

ሸንጎው በደስታ አጨበጨበ። ከእነርሱ መካከል ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ለእርሷ መልካሙን ይመኙ ነበር። ሐራዊት ግን ፊቷ ሲግል ተሰማት። ትርጓሜው ያማረ ነበር፤ ራሷ ብታበጀው ከዚህ አታሳምረውም ነበር። ወንበሩንም ትፈልገው ነበር፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላ ነገር ተመኝታ አታውቅም።

«አባቶቼ» አለች፣ «ሕጉ ቤቱ ሲል ልጁን ማለቱ ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ እኔም አውቃለሁ። ወንበሩ አይገባኝም።»

የሸንጎው አባት ሊያግባባት ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ፣ በባሏ ምትክ ከሸንጎው የተቀመጠችው መርጌት ተነሣች። ሐራዊትን አላየቻትም፤ ያለችውን የምትጠብቅ ሴት ነበረች።

«ልጅቷ ልክ ናት» አለች መርጌት። «ወንበሩ አይገባትም። በሕጉ መሠረት ሌላ ሰው ይመረጥ። ለመዝገብ ግን አንድ ቃል ይጻፍልኝ፦ ይህን የነገረችን ራሷ ናት።» ብላ ተቀመጠች።

ሐራዊት እጅ ነሥታ ወጣች። ከከተማው በር ውጭ ወደ ጨው ሜዳ የሚሄዱት ዳኞች በወታደር ታጅበው ይጠብቁ ነበር። መርሳዊ ካባውን አውልቋል፤ ያለ ካባው ትከሻው ጠባብ ነበር። ልጁ ሁለት ቅል ውሃ አንግታ ስትመጣ ባየ ጊዜ ወደ መሬት አቀረቀረ።

«አንቺ አልተፈረደብሽም» አላት።

«አውቃለሁ አባባ። ውሃ የሌለው መንገድ ነው፤ የሚሸከምልዎት ያስፈልጋል።»

በሐመልታ ልማድ የተፈረደበት ሰው ከነጻ ሰው ኋላ ይሄዳል። መርሳዊ ልማዱን አክብሮ ቆመ፤ እንድትቀድመው ጠበቃት። እርሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«ከኋላሽ ልሁን?» አላት በዝግታ።

«ከጎኔ ይሂዱ» አለችው። «መንገዱ ለሁለት ይበቃል።»